ቀጥ ያለ እግር

«አጎቷ እዚህ ባይሠራ ኖሮ እስካሁን አሰናብቻት ነበር። ጉልበቴን የምትለው እኮ ዳገት ስታይ ነው፤ ሜዳ ላይማ ደኅና ናት!»

ድምፁ የአሠልጣኝ መሳፍንት ነበር። ቢሮውን ከዕቃ ክፍሉ የሚለየው አንድ የቺፑድ ግድግዳ ብቻ ስለሆነ፣ ከወዲያኛው ወገን ጎማ ይነፋ የነበረው ውበቱ ስልኩ ላይ የተነገረውን አንድ ቃል ሳይቀር ሰማ። ፓምፑን እንደ ያዘ ቆመ። በደብረ ማርቆሱ የብስክሌት ክለብ መካኒክ ሆኖ በሠራባቸው ዘጠኝ ዓመታት ከዚያ ግድግዳ በኩል ብዙ ነገር ሰምቷል፤ የሰማውን ግን ከክፍሉ ይዞ ወጥቶ አያውቅም። ይህኛው ስለ እኅቱ ልጅ፣ ስለ የኔዓለም ነበር። «ዛሬ ስምንት ሰዓት ላይ የሴቶቹ ማጣሪያ አለ» አለ አሠልጣኙ ቀጥሎ። «ሰባት ናቸው፤ ለውድድሩ የሚሄዱትን የአራቱን ስም ወደ ጽሕፈት ቤቱ እልክላችኋለሁ። እሷ ከአራቱ ካልገባች ውሏንም አናድስም፤ በዚሁ ይብቃ። እንደማትገባም ዐውቃለሁ።» ከዚያ ሳቀ፤ በሌላኛው ጫፍ ያለው ሰው አንድ ቀልድ ሳይጥል አልቀረም።

ውበቱ ፓምፑን አስቀምጦ በርጩማው ላይ ተቀመጠ። ክፍሉ ጠባብ ቢሆንም እንደ ጸሐፊ ጠረጴዛ የተሰተረ ነው፤ የብሎን ቁልፎቹ በቁመታቸው ተሰልፈው ተሰቅለዋል፣ ብሎኖቹ በየመጠናቸው በወተት ጣሳ ተለይተዋል፣ ካቴናዎቹ በጋዝ ታጥበው በሽቦ ላይ ተንጠልጥለዋል። ያለ ልክ የተሠራ ነገር ያሳምመዋል። በመስከረም ወር አዲሶቹ ፔዳሎች በካርቶን ሲመጡ ደስ ያለው ከልጆቹ ሁሉ ይልቅ እሱ ነበር። እግር ከላያቸው ላይ ዝም ብሎ የሚያርፍባቸው ዓይነት አልነበሩም፤ ከጫማው ሶል ሥር በሦስት ብሎን የምትታሰር፣ ልጆቹ ክሊት የሚሏት ሦስት ማዕዘን ፕላስቲክ ትኖራለች፤ እሷ ፔዳሉ ውስጥ ጠቅ ብላ ስትገባ ጋላቢና ብስክሌት አንድ ይሆናሉ፤ ተረከዝን ወደ ውጭ ካላዞሩ በቀር አይለያዩም። ክሊቶቹ ሁለት ዓይነት ነበሩ። ቀዩ እግርን አጥብቆ ይይዛል፤ ቢጫው ግን ተረከዝ ግራና ቀኝ ጥቂት እንዲወዛወዝ ይፈቅዳል። ውበቱ ሁለቱንም አገላብጦ ካየ በኋላ ለክለቡ ቢጫው ይሻላል ብሎ ነበር። አሠልጣኙ ግን «የሚወዛወዝ እግር ጉልበት ያባክናል» አለ፤ ውበቱም አልተከራከረም፤ ለሁሉም ቀዩን አሰረ።

ቀዩ ስሕተት አይምርም፤ ስለዚህ ተጠንቅቆ ነው ያሰረው። እያንዳንዷን ልጅ ከፍ ባለው የሥራ ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጥና እግሯን ወደ ታች እንድትለቅ ያደርጋል፤ በአየር ላይ የተለቀቀ እግር ወዴት እንደሚያይ ተመልክቶ፣ የአውራ ጣቷን ጉብታ በሶሉ ላይ በእርሳስ ምልክት አድርጎ፣ ክሊቱን በዚያው አቅጣጫ ያስራል። የሂዊ እግሮች ወደ ውጭ ያዩ ነበር፤ እንዳዩት አሰረላት። የሌላዋ ቀኝ እግር ወደ ውስጥ ገባ ይል ነበር፤ እንደዚያው አደረገላት። የኔዓለም ስትቀመጥ ግን ሁለቱ እግሮቿ በማስመሪያ እንደ ተሰመሩ ቀጥ ብለው ወረዱ። ያን ዕለት «አየሽ፣ እግር ማለት እንዲህ ነው» ብሏት ነበር፤ በእኅቱ ልጅ ኩራት ተሰምቶት ነበር። እሷም ጫማዋን ተቀብላ ወጣች። ሕመሙ የጀመራት ከዚያ በሦስተኛው ሳምንት ነው።

አራት ሰዓት ገደማ ልጆቹን ሊያይ ወጣ። ከሜዳው ዳር ባለው የግንብ አጥር ላይ ተቀምጠው ዳቦና ሙዝ ይበላሉ። ሂዊ የአሠልጣኙን ኮፍያ ከየት እንዳገኘችው እንጃ፣ አጥልቃ፣ ሆዷን ወደ ፊት ገፍታ፣ በጣቷ ግንባሯን ትመታለች። «ጉልበት የሚባለው ነገር የሚገኘው የት ነው? እዚህ ነው! ወደ ታች አትፈልጊው!» ልጆቹ በሳቅ ፈረሱ። የኔዓለምም ሳቀች፤ ራሷን ወደ ኋላ ጥላ፣ አፏን በእጇ ሳትሸፍን ሳቀች፤ በዚያች ቅጽበት ከግንቡ ላይ የተንጠለጠለው ግራ እግሯ ማጠፊያው እንደ ላላ መዝጊያ ወደ ውጭ ዞሮ ወደቀ። ውበቱ ባለበት ቆመ። እሷም ቀና ስትል አየችው። ሳቋ ከፊቷ ሳይጠፋ እግሯ ብቻውን፣ እንደ ተጠራ ወታደር፣ ተመልሶ ቀጥ አለ።

ወደ እሱ ጠርቶ፣ ከሌሎቹ ራቅ አድርጎ ጠየቃት። «ይህ እግርሽ ምን ሆኖ ነው?»

«ምንም አልሆነ፣ አጎቴ።»

«አሁን አየሁት እኮ።»

«ደንዝዞኝ ነው። ብዙ ስለ ተቀመጥሁ ነው።» ዐይኗን ከመሬት አላነሣችም። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ከታላቅ ጋር ቃል ከቃል የማትመላለሰው ከሕፃንነቷ ጀምሮ እንዲያ ተደርጋ ስላደገች ነው። ውበቱ ከእሷ የሚያገኘው መልስ እንደሌለ ተረዳ። የዕቃ ክፍሉን ቁልፍ በኪሱ ከትቶ ወደ እኅቱ ቤት አቀና።

ጥሩነሽ የምትኖረው ከአውቶቡስ መናኸሪያው በስተኋላ፣ ስድስት ተከራይ በሚጋራው ግቢ ውስጥ ባለች አንዲት ክፍል ነው። በሩ ፊት ማዳበሪያ ዘርግታ፣ ለሰኞ ገበያ የምታቀርበውን ጌሾ ቅጠሉን ከእንጨቱ ትለያለች። ወለሉ በሲሚንቶ የተለሰነ ነው፤ ከአልጋው በላይ የቅድስት ማርያም ሥዕልና ልጇ ባለፈው ዓመት በክለቡ ማሊያ የተነሣችው ፎቶግራፍ ጎን ለጎን ተሰቅለዋል፤ ፎቶግራፉ ከወገብ በላይ ነው። ወንድሟን ስታይ ደነገጠች።

«ምነው በዚህ ሰዓት? ምን ሰማህ?»

«ደኅና ነው፣ እታለም። እንዲያው ባልፍ ብዬ ነው።»

ተቀመጠ። የጌሾውን ዋጋ ጠየቃት። «ምን ዋጋ አለው ብለህ ነው፣ ወንድማለም? እርጥቡን ይዘህ ብትሄድ ሻገተ ይሉሃል፤ ደረቁን ብትወስድ ሚዛን አይመታም» አለችው። የጤፉ ነገር ተነሣ፤ የአከራይዋ ነገር ተነሣ፤ ሮብ ገበያ ከተማ ያለው የአጎታቸው ልጅ ቤቱን ቆርቆሮ ማልበሱ ተነሣ። ከዚያ ወሬው አለቀ። ውበቱ አንዲት የጌሾ እንጨት አንሥቶ ቅጠሏን እየለቀመ፣ ቀና ሳይል ጠየቃት። «የልጂቱ ግራ እግር መቼ ነው የተሰበረው?»

የጥሩነሽ እጆች ቆሙ። በግቢው ውስጥ የአንዱ ተከራይ ሬዲዮ ማስታወቂያ ያሰማል።

«ማን ነገረህ?»

«ማንም። አየሁት።»

«አላየኸውም። ዐሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ ማንም አላየውም» አለችው፤ ድምፅዋ ግን ከቃሏ ጋር አልሄደም። ከዚያ በዝግታ፣ ቅጠሉን መለየቷን ቀጥላ ነገረችው። የኔዓለም ስድስት ዓመቷ ነበር፤ ሮብ ገበያ ሳሉ፣ ከክምር ላይ ስትወርድ ወደቀች። ወጌሻው በሸምበቆ አሰረው፤ አጥንቱም ያዘ፤ ያዘው ግን ዞሮ ነው። ወጌሻው እንደገና ሰብሬ ላቅና ቢል አባቷ የልጅ ጩኸት አልችልም ብሎ ከለከለ። ጥሩነሽም በቤቱ ወለል ላይ በአመድ ሁለት መስመር አሰመረች። ልጂቱ በየማታው በሁለቱ መስመሮች ላይ፣ ጣቶቿን ወደ ፊት አቅንታ፣ ከግድግዳ ግድግዳ ትመላለሳለች፤ ጣቷ ከመስመሩ ከወጣ እንደገና ትጀምራለች። በዓመቱ ጎረቤት ሁሉ እግሯ ዳነ አለ። ስትቀመጥም፣ ስትቆምም፣ ሰው ባለበት ሁሉ ማቅናቱን ለመደችው።

«ለእኔ እንኳ?» አለ ውበቱ።

«ለአንተ ብነግር ለሚስትህ ትነግራለህ። ከዚያ በኋላ እግረ ቆልማማዋ ተብላ ስም ይወጣላታል፤ ማን ያገባታል? አሁን ደግሞ ክለቡ ሐኪም አለው ይላሉ። እግሯ ስብራት አለበት ቢሉ አንድ ቀን አያሳድሯትም።»

«እታለም፣ አሁንም እኮ ሊያሰናብቷት ነው። ቀጥ አድርጌ ያሰርሁት ጉልበቷን እየበላው ነው። እግሯ ወደ ውጭ ማየት ይፈልጋል፤ እኔ ወደ ፊት ጠፍሬዋለሁ። በአንድ ልምምድ ፔዳሉ ስንት ሺህ ጊዜ እንደሚዞር ታውቂያለሽ?»

«እንግዲያው ፍታው።»

«ብፈታው ይታያል። ጫማዋ ዞሮ ይታያል።»

ጥሩነሽ የለየችውን ቅጠል ወደ ጎን ገፋችው። ከዚያ ዐይኑን እያየች «ሕመሟን አስታግሥላት፤ ምክንያቱን ግን ለማንም አትናገር። ማርያምን በል» አለችው።

ውበቱ በሰው ነገር ለመማል የሚቸኩል ሰው አይደለም። ነገር ግን እኅቱን በእንዲህ ያለ ጭንቀት ውስጥ አይቷት አያውቅም። «ማርያምን፣ ከእኔ አፍ አይወጣም» አላት።

ወደ ክፍሉ ሲመለስ ሰባት ሰዓት አልፎ ነበር። የየኔዓለምን ጫማ አምጥቶ በጠረጴዛው ላይ ገለበጠው። ከመሳቢያው ሥር በላስቲክ እንደ ተጠቀለሉ የቀሩትን ቢጫዎቹን ክሊቶች አወጣ። የሦስቱን ብሎኖች ጭቃ በመርፌ ጠርጎ፣ በባለ ስድስት ጎን ቁልፉ አንድ በአንድ ፈታቸው፤ ቀዩ ክሊት ሲነሣ ከሥሩ ሁለት ወር የኖረው የእርሳስ ምልክቱ ወጣ፤ ቀጥ ያለ፣ የተጠነቀቀ፣ የተሳሳተ መስመር። ቢጫውን በቦታው አድርጎ አፍንጫውን ወደ ውስጥ አዞረው፤ ክሊቱ ወደ ውስጥ ሲያይ ጫማው ወደ ውጭ ያያል። ግንቡ ላይ እንዳየው መጠን አዞረና ተረከዙ የፔዳሉን ክንድ እንዳይነካ በጣቱ ውፍረት ለካ። የፔዳሉንም ሞላ በአንድ ዙር አላላው፤ በችግር ጊዜ እግሯ ቶሎ እንዲወጣ። የቀኙንም በቢጫ ተካ። የኔዓለም ጫማዋን ልትወስድ ስትመጣ አየችው። ወደ በሩ ዞራ ማንም አለመኖሩን አረጋገጠች።

«እናትሽ ጋ ነበርሁ» አላት።

«እ...» አለች፤ ድምፅዋ እንደ ሕፃን ሆነ። ከዚያ ሶሉን በጣቷ እየዳሰሰች «ያስታውቃል?» ብላ ጠየቀችው።

«ያስታውቃል።»

የቅዳሜ ገበያተኛ ከመንገዱ ሲቀልል፣ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ሰባቱ ልጆች ወደ ሉማሜ በሚወስደው መውጫ አስፋልቱ ዳር ተሰለፉ። ከኋላቸው የክለቡ ፒካፕ መለዋወጫ ጎማዎችን ጭኖ ቆሟል። በክለቡ ልማድ አሠልጣኙ ከማስነሣቱ በፊት ከአንዷ ወደ አንዷ እየሄደ ፍሬኑን ይጨብጣል፣ ጎማውን በአውራ ጣቱ ይጫናል፣ እግራቸውን ፔዳሉ ላይ እንዲያስገቡ ያደርግና ያያል። የኔዓለም ጋ ሲደርስ ጎንበስ አለ።

«ይህ ምንድን ነው?»

ወደ ፒካፑም ዞሮ ተጣራ።

«ጋሽ ውበቱ! ይምጡ እስቲ። ይህን ጫማ ማን አጣመመው?»

«እኔ ነኝ» አለ ውበቱ ቀርቦ። «አላጣመምሁትም፤ አስተካከልሁት። በመስከረም ያሰርሁት ስሕተት ነበር። ጉልበቷን ያመማት በእኔ ጥፋት ነው።»

መሳፍንት ቀና ብሎ አየው። በዕድሜ የውበቱን ታናሽ ወንድም ያህላል፤ ሁልጊዜም አክብሮ ነው የሚናገረው፤ አሁንም አከበረው፤ አክብሮቱ ግን የሚወጋ ነበር። «ዘጠኝ ዓመት አንድ ስሕተት ያልተገኘብዎት ሰው፣ በማጣሪያው ቀን፣ ለእኅትዎ ልጅ ሲሆን ተሳሳትሁ ይላሉ? ታዲያ ለምን የሌሎቹን አላስተካከሉም?»

«የሌሎቹ እግር ሌላ ነው።»

«የእሷ እግር ምን ሆነና ነው ሌላ የሆነ?»

ውበቱ የብሎን ቁልፉን በኪሱ ውስጥ ጨበጠው። የሚናገረው እውነት ነበረው፤ የማለውም መሐላ ነበረበት። ልጆቹ ይመለከቱታል። አንድ የጭነት መኪና ጡሩምባውን እየነፋ አለፈና የሁሉንም ልብስ አራገበው።

«ሳቅ ሊሆንብን ነው እኮ» አለ አሠልጣኙ። «ዳገት ሲመጣ ጉልበቴን፣ ጉልበት አልሆን ሲል ጫማዬን። ይመልሱት እንደ ነበረ። ሁሉም በአንድ ዓይነት ይነሣል።»

ውበቱ ተንበረከከ። ጫማዋን ከፔዳሉ አላቅቆ ሶሉን ወደ ላይ አድርጎ በጉልበቱ ላይ አሳረፈው፤ ቁልፉንም ከኪሱ አወጣ። ራሱን እየናቀ የመጀመሪያውን ብሎን አላላ። ሁለተኛውን ሲጀምር እግሯ ከእጁ ወጣ።

«ይተዉት፣ አጎቴ» አለች የኔዓለም።

ብስክሌቷን ለሂዊ አስያዘችና ወደ ፒካፑ ሄደች። በተከፈተው የኋላ መዝጊያ ላይ ወጥታ ተቀመጠች። ጫማዎቿን አወለቀች፤ ካልሲዎቿንም አወለቀች። እግሮቿ መጀመሪያ እንደ ልማዳቸው ቀጥ ብለው ተንጠለጠሉ። ዐይኗን ጨፈነች፤ ትንፋሿን በረዥሙ ስታወጣ ግራ እግሯ በዝግታ፣ ከቁርጭምጭሚቱ ሳይሆን ከቅልጥሙ ጀምሮ፣ ወደ ውጭ ዞረ፤ እዚያም ቀረ። አጥንቱ የገጠመበት ጉብታ በፀሐዩ ታየ። ስድስቱ ልጆችና ሁለቱ ወንዶች፣ ሾፌሩም በመስኮቱ በኩል አንገቱን አውጥቶ፣ ያንን እግር አዩት።

«ልጅ ሆኜ ነው የተሰበርሁት» አለች፣ ዐይኗን ሳትገልጥ። «የሚያመኝ ሳቀናው ነው። ሁልጊዜ ነው የማቀናው።»

ሂዊ በሁለቱ ብስክሌቶች መሐል አንገቷን አሰገገች። መጀመሪያ የተናገረችውም እሷ ናት። «አንቺ! ታዲያ በዚህ እግር ነው አምና ዳገት ላይ አቧራሽን ያስቃምሽን? ደግነቱ ቀጥ አላለም!» አንዷ ሳቀች፤ ከዚያ ሁሉም ሳቁ፤ የኔዓለምም ሳቀች፤ እንባዋ ግን ወረደ። አሠልጣኙ አልሳቀም። ኮፍያውን አውልቆ መልሶ አደረገ። «ለጽሕፈት ቤቱ መጻፍ አለብኝ፤ ዐውቄ ዝም ልል አልችልም» አለ፣ ለማንም ሳይሆን። ከዚያ ወደ ውበቱ ዞሮ ዝቅ ባለ ድምፅ «የላላውን ብሎን ያጥብቁላት» አለው።

አሠልጣኙና ውበቱ በፒካፑ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው ልጆቹን ተከተሉ። ነፋሱ ከፊት ነበር። በመጀመሪያው ዳገት ላይ የኔዓለም ስድስተኛ ነበረች፤ ውበቱ ከግራ ጉልበቷ ላይ ዐይኑን አልነቀለም። ሁለት ወር የቆሰለ ነገር በአንድ ቀን አይድንም፤ በየጥቂቱ እግሯን አቁማ ስትተነፍስ ያያል፤ ነገር ግን ጉልበቷ ከዚህ በፊት እንደሚያደርገው ወደ መሐል እየተወጋ አልነበረም፤ እንደ ሌላው ሰው ጉልበት ይወጣል፣ ይወርዳል። ከመዞሪያው በኋላ ነፋሱ ከኋላቸው ሆነ። ሁለቱን በሜዳው አለፈች። በመጨረሻው ዳገት፣ ከተማው በሚታይበት ላይ፣ ከኮርቻው ተነሥታ አንዷን ጨመረች። አሠልጣኙ ሰዓቱን ተጭኖ በማስታወሻው ላይ ጻፈ፤ ውበቱ አሻግሮ አነበበው፤ ሦስተኛ ይላል። አጠገቡ በቅንፍ ሌላ ነገር ጽፎ ነበር፤ እሱን እጁ ስለ ሸፈነው አላነበበውም።

በማግሥቱ፣ እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ ውበቱ ወደ ጥሩነሽ ቤት ሄደ። መሐላውን እንዳልሰበረ ሊነግራት አስቦ ነበር። እሷ ጌሾውን በጆንያ ስትጠቀጥቅ አገኛት። «ሰምቻለሁ» አለችው፤ ቀና አላለችም። እሱም የጆንያውን አፍ እስኪሞላ ድረስ ይዞላት ቆመ።

የጽሕፈት ቤቱ ደብዳቤ በዐሥራ አንደኛው ቀን መጣ። የኔዓለም በሕክምና ምርመራ ምክንያት ከዝርዝሩ ተሰርዛ፣ አምስተኛ የወጣችው ሂዊ ተተካች። በዚያው ሳምንት፣ አሠልጣኙ ምሳ በሚወጣበት ሰዓት፣ ከቀሩት ስድስት ልጆች አራቱ አንድ በአንድ ቀዩ ክሊት የታሰረበትን ጫማቸውን በፌስታል ይዘው ወደ ውበቱ ክፍል መጡ፤ አራቱንም ጉልበታቸውን ያማቸው ነበር።